ማሻአላህ ያልተባለበት ሳጥን

ሰዒዳ ቃሉን ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትለው መልሳ ዘጋችው እንጂ።

ሴቶቹ እቴ ዓፊያ ጓዳ ውስጥ ተኮልኩለው፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠውን የእንጨት ሳጥን ያያሉ። እንቁላል መፈልፈያ ነው፤ ዶሮ ሳትታቀፈው በአምፖል ሙቀት ጫጩት የሚያወጣ። ክዳኑ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል የቮልት መለኪያ ተገጥማለች፤ በቀይ ብርሃን 3.76 ትላለች። የሠራችው ሚስራ ናት። ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ ለሴቶቹ ስታስረዳ ድምፅዋ የመምህር ሆኗል። ውስጥ ያለው ሰንሰር ሙቀቱን ወደ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኦፕ-አምፕ የሚባለው ባለ ስምንት እግር ትንሽ ጥቁር ዕቃ፣ አይሲው፣ ያቺን ጥቂት ዐሥር እጥፍ ያጎላታል፤ መለኪያዋ የጎላውን ታሳያለች። 3.76 ማለት ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ዲግሪ ነው፤ እንቁላል የሚወደው ሙቀት። ከ3.70 ከወረደ አንድ አምፖል ማብራት፣ ከ3.80 ካለፈ አንድ ማጥፋት። በቃ።

"ማሻአላህ" አሉ ሴቶቹ፣ አንዷ ካንዷ አፍ እየነጠቀች። "ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ።"

በከሚሴ የሰው ጥሩ ነገር ታይቶ ማሻአላህ ሳይባል አይታለፍም። ሕፃንም ይሁን ላም፣ አዲስ ቤትም ይሁን ያሸተ ማሽላ፣ ያቺ ቃል ካልቀደመች ዓይን ይገባበታል ይባላል። ሰዒዳም ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ግን ተራዋ ደርሶ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደሷ ሲያዞሩ፣ ያየችው ሳጥኑን ብቻ አልነበረም። የሚስራን አዲስ የመሣሪያ ቦርሳ አየች። በቀለም በቀለም ተለይተው የታሰሩትን ገመዶች አየች። እቴ ዓፊያ ለሚስራ ያነጠፈችላትን ምንጣፍ አየች። 

"ጥሩ ነው" አለች። "ገመዶቹን በደንብ አስረሻቸዋል።"

ሴቶቹ ጠበቁ። ሌላ ቃል አልመጣም። ሰዒዳ ያዘለቻትን ልጇን ፊርደውስን ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ወጣች።

ጣውንት ያለባት ሴት ቅናትን ታውቀዋለች ይባላል። ሰዒዳ ጣውንት አልነበራትም፤ ባሏ ኸይረዲን የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነው፣ ከእሷ ሌላ ቤት የለውም። ግን ሚስራ ነበረቻት። ሁለቱም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው፣ ውጤት ሳይመጣላቸው ቀርቶ፣ የሬድዮ ጠጋኙ አያ አብዱልጀባር በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ሙያ የለመዱት። መበየጃ መያዝን ከእሱ ተማሩ። በቴስተር ኤሌክትሪክ መለካትን፣ የተቃጠለን ነገር በሽታው መለየትን ከእሱ ተማሩ። አያ አብዱልጀባር ቁጡ አልነበረም፤ አንድ ነገር ግን እየደጋገመ ይላቸው ነበር። "ቀይ ገመድ ሲገናኝ ተጠንቀቁ፤ ቀይ ቁጡ ነው። ጥቁር ከጥቁር ግን አይጣላም። ጥቁሩን ከቅርብ ካገኛችሁት ጥቁር እሰሩት፤ ገመድ አታባክኑ።" እነሱም እንዳላቸው አሰሩ። የታሰረው ሁሉ ሠራ።

ከዚያ ኮምቦልቻ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና የአንድ ሰው ቦታ መጣ። ሰዒዳ አራስ ነበረች። ሚስራ ሄደች። ስትመለስ ኦፕ-አምፕ የሚል ቃል ይዛ መጣች፣ ቦርሳ ይዛ መጣች፣ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ተከራየች። ሰዒዳ በቤቷ በረንዳ ላይ፣ ልጇን አዝላ፣ የብየዳው ጭስ ወደ ልጅቷ እንዳይሄድ ፊቷን ወደ ነፋሱ እያዞረች የሶላር መብራትና የስልክ ቻርጀር ትጠግናለች። ያንኑ ትምህርት ከስልኳ ላይ ልጇን እያጠባች ለብቻዋ ለቃቅማዋለች፤ ኦፕ-አምፑንም ገዝታ ሞክራዋለች። ይህን የሚያውቅላት ሰው ግን አልነበረም። ሰው የሚያውቀው ኮምቦልቻን ነው።

በማግስቱ ጧት ሚስራ እቴ ዓፊያ ቤት ተመለሰች። የላይኛው ረድፍ እንቁላል ሞቆ የታችኛው ቀዝቅዞ ስላገኘችው፣ ሙቀቱን የምታዳርስ፣ ከሳጥኑ ጎን ካለው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፋን ሳጥኑ ውስጥ ጨመረችና፣ ይቺ እንዳትጠፋ ብላ አስጠንቅቃ ሄደች። ቁጥሩ ያበደው የዚያን ዕለት ነው። 3.98 አለ፤ ደግሞ እንደ ብርድ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። እቴ ዓፊያ እንደተነገራት አንድ አምፖል አጠፋች፣ ደግሞ አንድ አጠፋች። ቁጥሩ ቀስ ብሎ 3.76 ላይ ሲመጣ ተመስገን ብላ አንድ እንቁላል አነሳችና፣ እናቶች እንደሚያደርጉት የዓይኗ ቆብ ላይ አስደገፈችው። ቀዝቅዟል።

ሚስራ አይሲው የተገጠመበትን ቦርድ ነቅላ ሱቋ ወሰደችው። እዚያ ልክ ነው። መልሳ ገጠመችው፤ እዚህ ይዋሻል። አይሲውን ቀየረች፣ መለኪያዋንም ቀየረች። ሱቅ ውስጥ ልክ፣ እቴ ዓፊያ ጓዳ ውስጥ ውሸት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ማን እንደጀመረው ባይታወቅም ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ማሻአላህ ያላለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት ተባለ። ለጥገና ሬድዮ ሰጥታት የነበረች ሴት ሳይጠገንም ቢሆን ልትወስደው መጣች፤ ሰዒዳ ሬድዮውን ልትሰጣት ጎንበስ ስትል ሴትየዋ የያዘችውን የራሷን ልጅ ፊት በሻርፗ ሸፈነች። ሰዒዳ ያን አየች። ቀኑን ሙሉ መበየጃውን አላነሳችም።

ለኸይረዲን ስትነግረው ሳቀ። "ወላሂ ዓይንሽ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ በገበያ ቀን ሰንበቴ ይዤሽ ልሂድ። በሬዎቹን እያየሽልኝ ዋዪ፤ ዋጋቸው ሲወድቅ እኔ እገዛለሁ።" እሷ ሳትስቅ ስትቀር እሱም ቀልዱን ተወ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ያልፋል አላት። ያልፋል ቢላትም የተሸፈነው የሕፃን ፊት ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ሴት በዓይኗ ከታማች በዚህ ከተማ ዕቃዋን ማን ያስነካታል? ነገ ፊርደውስስ ከማን ልጅ ጋር ትጫወታለች?

እቴ ዓፊያ ራሷ መጣች። በረንዳው ላይ ቆማ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት፤ "አከም፣ ነገአ?" ተባባሉ። ቀጥላ ወደ አማርኛው ዞረች።

"ሰው የሚለውን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔ አላልኩም።"

"ጓዳሽ ውስጥ ነው የተባለው፣ እቴ።"

እቴ ዓፊያ ይህን አልካደችም። እንቁላሎቹ የብዙ ሴት መሆናቸውን፣ አንዳንዷ ከጨፋ ሸለቆ ድረስ በሣር ጠቅልላ ማምጣቷን ነገረቻት። አሁን ሌት ተቀን እንቁላሉን በዓይን ቆቧ እየለካች አምፖሉን እንደምታበራና እንደምታጠፋ፣ እንዲህ ከቀጠለ ግን በእንቁላሎቹ ውስጥ ያሉት እንደሚሞቱ ነገረቻት።

"ኮቱ፣ ነዪ እንሂድ" አለቻት በመጨረሻ። "መጀመሪያ ማሻአላህ በዪበት። ከዚያ እጅሽ የሚያውቀውን አድርጊ። ሚስራም ጥሯት ብላለች።"

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ሰዒዳን የወጋቻት። ሚስራ ለምን ጥሯት አለች? በሴቶቹ ፊት ዓይንሽን አንሺልኝ ልትላት ይሆናል። ሥራው ቢበላሽባት ጥፋቱን የሚሸከምላት ሰው አግኝታለች፤ ኮምቦልቻም አልተሳሳተም፣ ቦርሳውም አልተሳሳተም፣ የሰዒዳ ዓይን ነው። እንዲህ እያሰበች ልጇን አዘለች። አያ አብዱልጀባር የሰጣትን አሮጌ ቴስተር ያዘች። ከትራሷ ሥር ደግሞ የፊርደውስን የትኩሳት መለኪያ አወጣች፤ የልጅ ትኩሳት የሚለካ የእንቁላልም መለካት አያቅተውም ብላ።

ሚስራ ጓዳው ውስጥ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ነበር። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ሰዒዳ ያን ስታይ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ተናደደች።

"መጣሽ" አለች ሚስራ።

"ተጠርቼ።"

"ተቀመጪ። ዛሬ ቦርዱን አልነካካሁትም።"

ሰዒዳ መጀመሪያ የልጇን መለኪያ በሳጥኑ የአየር ቀዳዳ አስገብታ እንቁላሎቹ መሃል አስቀመጠችው። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ አለ። የክዳኑ ቁጥር 3.95 ላይ ይንቀጠቀጣል። ውሸቱ ትንሽ አይደለም፤ በሰው ላይ ቢሆን ጤነኛን ሆስፒታል የሚያስገባ ነው።

አይሲውን መቀየሯን ሚስራ ነገረቻት። ሰዒዳ አላመነቻትም። የራሷን አይሲ ከኪሷ አውጥታ ተካችው። ቁጥሩ 3.95። ሚስራ የተነቀለውን አይሲ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰዒዳ ቀጥላ የማጉያውን መግቢያ ከሰንሰሩ አላቀቀችና ቦርዱ ላይ ካለው ጥቁር ገመድ ጋር በሽቦ አገናኘችው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ፤ አልተንቀጠቀጠም። ሽቦውን ስታነሳና ሰንሰሩን ስትመልስ 3.95 ሆኖ ተመለሰ።

"ማጉያው ንጹሕ ነው" አለች። "መለኪያዋም ንጹሕ ናት። የሚነግሯትን ነው የምትናገረው።"

"እዚህ ድረስ እኔም ደርሻለሁ" አለች ሚስራ። "ሰንሰሩንም ቀይሬዋለሁ። ሌላ ሰንሰር፣ ያው ውሸት።"

ሰዒዳ ዓይኗን ከገመዶቹ ማንሳት አቃታት። እንዴት ያምራሉ! ቀይ በቀይ፣ ነጭ በነጭ፣ ጥቁር በጥቁር፣ ጫፋቸው በላስቲክ የተሸፈነ። ይህን ላስቲክ እሷ ስልኳ ላይ ብቻ ነው ያየችው። ጥፋቱ እዚህ ውስጥ እንዲሆን ተመኘች። ደግሞ እንዳይገኝ ተመኘች፤ ጥፋቱ ካልተገኘ ግን ዓይኗ ነው።

ይህን ስታስብ ከጀርባዋ ያወረደቻትን ፊርደውስን ረስታት ነበር። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ እየዳኸች ሄዳ፣ ከባትሪው ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን የፋኑን ቀይ ገመድ ጨብጣ ወደ አፏ ስትወስደው እቴ ዓፊያ አየቻት። "ያረቢ!" ብላ ገመዱን ቀማቻት፤ ገመዱ ከባትሪው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ፋኑ ቀጥ አለ። ልጅቷ አለቀሰች።

ሁለቱ ግን ልጅቷን አላዩም። ክዳኑን ነው ያዩት። 3.61። ሳይንቀጠቀጥ።

"መልሺው" አለች ሰዒዳ።

እቴ ዓፊያ ገመዱን ባትሪው ላይ አስነካችው። 3.95። አነሳችው። 3.61።

 ሚስራ ክዳኑን ከፍታ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ጥቁሩ ገመድ የሰንሰሩን እግር በሚነካበት ላይ አስቀመጠች። ሰዒዳ ሌላውን ጫፍ ቦርዱ ላይ፣ ያው ጥቁር ገመድ የሚያልቅበት ላይ አስቀመጠች። የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ነው፤ ዜሮ ማለት ነበረበት። ፋኑ ጠፍቶ ዜሮ አለ። ፋኑ ሲበራ ሠላሳ አራት ሚሊቮልት አለ። ዐሥር እጥፍ ሲጎላ ያው ውሸቱ ነው።

ሚስራ ፋኑን ስትጨምር ቀዩን ባትሪ ድረስ ወስዳዋለች። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ጥቁሩን ግን ከቅርብ ካገኘችው ጥቁር ጋር፣ ከሰንሰሩ ቀጭን ገመድ ጋር ነው ያሰረችው። ለአንድ መደብ ጎመን በተቆፈረ ቦይ የቦርከናን ወንዝ ጎርፍ እንደመልቀቅ ነው። የፋኑ ኤሌክትሪክ በዚያች ቀጭን ገመድ ሲመለስ፣ ሰንሰሩ የቆመበት መሬት ራሱ ከፍ አለ፤ መሬቱ ከፍ ሲል የሰንሰሩ ቁመት የጨመረ መሰለ። ሱቅ ውስጥ ልክ የሆነው ፋኑ ሁልጊዜ እዚህ ስለሚቀር ነው።

"ጥቁር ከጥቁር አይጣላም" አለች ሚስራ ቀስ ብላ።

ሰዒዳ ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልማው ነበር። በሩ ላይ ሴቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ወጥታ፣ ኮምቦልቻ የሄደችው ገመድ ማሰር አታውቅም ብትል ማን ይከለክላታል? ነገር ግን በዚያች ቋጠሮ ላይ ያየችው የራሷን እጅ ነው። እሷም ብትሆን እዚያው፣ እንዲያው አድርጋ ነበር የምታስረው። ገመዶቹን ያየች ዕለት በደንብ አስረሻቸዋል ያለቻት እሷው ናት።

"እኔም እንዲሁ ነው የማስረው" አለች፣ ሳትወድ።

ሚስራ ገመዱን እንደያዘች በሩን አየች። "ዝም ካልኩ ዓይንሽ ነው እንዳሉ ይቀራሉ።"

"አዎ።"

"ከተናገርኩ ደግሞ የሚቀጥለውን ሳጥን ለኔ አይሰጡኝም። ላንቺ ነው የሚሰጡት።"

ሰዒዳ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ሰብስባ ያዘች።

"እሱን ነው የምትፈልጊው?"

"አዎ" አለች ሰዒዳ። "ወላሂ፣ አዎ። ከኮምቦልቻ የመጣሽ ዕለት ጀምሮ ያለሽን ሁሉ እፈልገዋለሁ።"

ሚስራ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣ። "አያ አብዱልጀባር ቴስተሩን ላንቺ ሰጠ" አለች። "አብረን ተቀምጠን፣ ያው እሳት አቃጥሎን፣ ላንቺ ሰጠ። ሥልጠናው አለቀ፣ እኅቴ። ይሄ ግን እስካሁን ይለካል። ከእጅሽ ባየሁት ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል። ጥሯት ያልኩትም እሱን ይዘሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው፤ የኔው ቴስተር በሚሊቮልት ይዋሻል።"

ሰዒዳ ያን አሮጌ ቴስተር፣ ጎኑ በፕላስተር የተጠቀለለውን፣ አዲስ ዕቃ የምታይ ይመስል አየችው።

ሚስራ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ሴቶቹን ያለ ብዙ ቃል ነገረቻቸው፦ ፋኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ከማይገባው ገመድ ጋር አሰርኩት፤ ቁጥሩን ያሳበደው እሱ ነው፤ የማንም ዓይን የለበትም። አንዷ ሴት፣ ያቺ የልጇን ፊት የሸፈነችው፣ መሬት መሬት አየች።

የፋኑን ጥቁር በወፍራም ገመድ ለብቻው ባትሪው ድረስ ወሰዱት። ሚስራ ገመዱን ያዘች፣ ሰዒዳ በየደች። ፋኑ በራ፤ ቁጥሩ 3.61 ላይ ቆመ። ጠፋ፤ እዚያው ነው። የፊርደውስ የትኩሳት መለኪያም ከክዳኑ ቁጥር ጋር ተስማማ። አምፖል ጨመሩ። ቁጥሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ፣ በቀስታ፣ እንደ እውነተኛ ሙቀት።

"ገመዱስ ታሰረ" አለች እቴ ዓፊያ። "ቃሉ ደግሞ ይባል። አይጎዳም።"

ሁሉም ሰዒዳን አዩ።

"ማሻአላህ" አለች፣ ከጥርሷ መሃል።

"እኔ አርጅቻለሁ፣ አልሰማም" አለች እቴ ዓፊያ።

"ማሻአላህ" አለች ሰዒዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ቃሏን ተከትሎ እንቁላሎቹ እውነት እንዲፈለፈሉ መመኘቷ ራሷን ገረማት።

ተፈለፈሉም፤ ሁሉም ግን አልተፈለፈሉም። በታችኛው ረድፍ፣ ብርዱ ክፉኛ ያገኛቸው ዝም እንዳሉ ቀሩ፤ እቴ ዓፊያም አስተግፊሩላህ እያለች ለብቻ አወጣቻቸው። የቀሩት ግን ቅርፊታቸውን እየሰበሩ ወጡ፤ ጓዳው በጫጩት ጩኸት ተሞላ። ሴቶቹ የሚስራን እጅ እየሳሙ መረቋት። ሰዒዳ ከኋላ ቆማ አየች። ያው ቅናት መጣባት፤ አልጠፋም። ዛሬ ግን ከመምጣቱ በፊት ማሻአላህ ብላ ነበር፤ እሱን ማንም ሊነጥቃት አይችልም።

ልትወጣ ስትል ያቺ የልጇን ፊት የሸፈነችው ሴት ጠራቻት። ሬድዮዋን በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። ደግሞም እኅቷ ሰንበቴ ዶሮ እንደምታረባ፣ ሳጥን እንደምትፈልግ፣ ጥቁር ገመድ በማንኪያ የለካችውን ሴት እንድታመጣላት እንዳዘዘቻት ነገረቻት።

"በቴስተር ነው" አለች ሰዒዳ።

"ያው ነው። ትሠሪላታለሽ?"

ሚስራ ይህን ሰማች። ጫጩት ይዛ እንደቆመች ፊቷ ለአፍታ ጠቆረ። ሰዒዳ ያን ጥቁረት ታውቀዋለች፤ ለወራት በመስታወቷ ውስጥ አይታዋለች።

"ኢንሻአላህ" አለቻት ለሴትየዋ። ከዚያ ወደ ሚስራ ዞረች። "ያንን የገመድ ጫፍ ላስቲክ ከየት እንደምትገዢው ታሳዪኛለሽ። ቴስተሩን ስትፈልጊ ደግሞ ነዪና ውሰጂ፤ በማታው ግን ይመለሳል።"

"እሺ።"

"ሳጥኔ ሲያልቅም መጥተሽ ታዪዋለሽ።"

"አየዋለሁ።"

"ስታዪው ግን" አለች ሰዒዳ፣ ልጇን ሽቅብ እያስተካከለች፣ "ቃሉን ጮክ ብለሽ ነው የምትዪው። እኔም እንደ እቴ ዓፊያ ጆሮዬ ከባድ ነው።"